ስብስብና ዕዳ፦ የፍሊትውድ ማክ የመጀመሪያ ዓመታት በአንድ ሸክላ

በሙዚቃ ሐያስያን ዘንድ ስብስብ አልበም እንደ እንጀራ ልጅ የሚታይ ነው። ሐያሲው ብዕሩን የሚያነሣው ሙዚቀኛው ራሱ አስቦ፣ መርጦና ቀምሞ ላወጣው ሥራ ሲሆን፣ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የታተመውን ለነጋዴው ይተውለታል። ይህ አመለካከት ግን አንድ ዐቢይ ጉዳይ ይዘነጋል። አብዛኛው አድማጭ ያለፈን የሙዚቃ ዘመን የሚያውቀው በስብስብ አማካይነት ነው። ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደሚጣል፣ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚሰማ የሚወስነው አሰባሳቢ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ይሠራል። እንግዲያውስ ሥራው እንደ ታሪክ ጸሐፊ ሥራ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፍሊትውድ ማክ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በብሉዝ ዘመኑ ከተጫወታቸው ዜማዎች 12ቱን የያዘውንና ብሉ ሆራይዝን የተሰኘው የሸክላ አሳታሚ በኦገስት 1969 ያወጣውን «ዘ ፓየስ በርድ ኦቭ ጉድ ኦመን» የተባለ ስብስብ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ገደ መልካም ጻድቅ ወፍ» እንደ ማለት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ክርክራችንም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ይህ ሸክላ የታተመው ለገበያ ሲባል ነው፤ በአደራደሩም የታሪክ ጸሐፊ ጥንቃቄ አይታይበትም። ያም ሆኖ የእንግሊዝ ብሉዝ ከማን ምን እንደ ወሰደ፣ የወሰደውንም በምን መልክ ለመመለስ እንደ ሞከረ የሚያሳይ የዕዳ መዝገብ ሆኖ ተገኝቷል። ዋጋውም ጉድለቱም መመዘን ያለበት ከዚሁ አንጻር ነው።

1. የስብስቡ አመጣጥ

የባንዱ መሥራች ፒተር ግሪን በ1946 በምሥራቅ ለንደን፣ ቤዝናል ግሪን በተባለው ሰፈር፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በጆን ሜዮል ባንድ ውስጥ የኤሪክ ክላፕተንን ቦታ ተክቶ ስሙን ካስጠራ በኋላ በ1967 የራሱን ባንድ አቋቋመ። አዲሱ ባንድ በዚያው ዓመት በኦገስት 13 ቀን በዊንዘር የጃዝና የብሉዝ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቀረበ። ግሪን ለባንዱ የሰጠው ስም የራሱን አልነበረም። የከበሮ መቺውን የሚክ ፍሊትውድንና ገና ከሜዮል ዘንድ ያልወጣውን የቤዝ ጊታር ተጫዋች የጆን ማክቪን ስሞች አጋጥሞ ሰየመው። መሪው ከአጃቢዎቹ ስም ኋላ መቆሙ በኋላ ለምንለው ነገር ምልክት ስለሆነ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንሻለን።

የባንዱን ሸክላዎች ያሳተመው ማይክ ቨርነን፣ ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ተጫዋቾችን ለእንግሊዝ ጆሮ ለማስተዋወቅ የደከመና ብሉ ሆራይዝንን የመሠረተ ሰው ነው። በፌብሩዋሪ 1968 የወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ደርሷል። በ1969 ግን ውሉ ሳይታደስ ቀረና ባንዱ ወደ ሌላ አሳታሚ ሄደ። ብሉ ሆራይዝን በእጁ የቀሩትን ቅጂዎች ሰብስቦ ይህን አልበም ሲያወጣ፣ ባንዱ ራሱ «ዘን ፕሌይ ኦን» የተባለውን አዲስ ሥራውን በሌላ አሳታሚ ስም ለሴፕቴምበር እያዘጋጀ ነበር። እንግዲህ ስብስቡ ከቤት የወጣ ልጅ ትቶት የሄደው ልብስ ታጥቦ ለገበያ እንደ ቀረበ ያህል ነው።

ይህን ስንል ግን ስብስቡ አስፈላጊ አልነበረም ማለታችን አይደለም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ በነበረው ልማድ፣ በፊትና በጀርባዋ አንዳንድ ዘፈን ይዛ የምትወጣው ትንሿ ሸክላ ከትልቁ ሸክላ ጋር ብዙ ጊዜ አትደባለቅም ነበር። የባንዱ ስመ ጥር ሥራዎች፣ ለምሳሌ «ብላክ ማጂክ ዉማን»ና «አልባትሮስ»፣ በትንንሽ ሸክላዎች ተበትነው ነበርና እንግሊዛዊው አድማጭ በአንድ ትልቅ ሸክላ ያገኛቸው በዚህ ስብስብ ነው።

2. ቆጠራና ዘረፋ

የእንግሊዝ ብሉዝ ዘወትር የሚቀርብበት ክስ የአስመሳይነት ክስ ነው። ክሱን በጥቅሉ መቀበልም ሆነ በጥቅሉ መጣል አይበጅም። በቅኔ ቤት ተማሪው አስቀድሞ በመምህሩ መንገድ እየተመራ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሲበረታ ግን ይዘርፋል፣ ማለትም የራሱን ቅኔ ያፈልቃል። ቆጠራ ነውር አይደለም፤ በቆጠራ መቅረት ግን ሊቅ አያሰኝም። በዚህ ሸክላ ላይ ሁለቱም ደረጃዎች ጎን ለጎን ይሰማሉ።

የቆጠራው ምሳሌ ጄረሚ ስፔንሰር ነው። በኖቬምበር 1967 የወጣው የባንዱ የመጀመሪያ ትንሽ ሸክላ «አይ ቢሊቭ ማይ ታይም ኤይንት ሎንግ» የተሰኘ ሲሆን፣ ስፔንሰር የጊታሩን ክሮች እያንሸራተተ የሚጫወትበት መንገድ የኤልሞር ጄምስ ነው። ጄምስ «ደስት ማይ ብሩም» የተባለውን የዚህን ዜማ እናት በ1951 አስቀረጸ። ከእርሱም በፊት ሮበርት ጆንሰን በ1936 በቴክሳስ፣ በሳን አንቶንዮ ከተማ አስቀርጾት ነበር። ጄምስ በ1963 በ45 ዓመቱ ሺካጎ ላይ ሲሞት ፍሊትውድ ማክ ገና አልተፈጠረም። ስፔንሰር ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሳይሆን ሸክላውን ደጋግሞ በማድመጥ የተማረ ደቀ መዝሙር ነበር። ትምህርቱ የጠለቀ ነው፤ ድምፁም ጊታሩም የመምህሩን ጠባይ አይስትም። ነገር ግን ከ12ቱ ዜማዎች ሦስቱ የዚሁ የጄምስ ቤት ዜማዎች ናቸው፤ ሦስቱም የተደረደሩት በሸክላው የመጀመሪያ ፊት ላይ ነው። አሰባሳቢው ይህን ሲያደርግ የስፔንሰርን ፍቅር ሳይሆን የስፔንሰርን ወሰን አጋልጧል። አንዱን የሰማ ሁለቱን አስቀድሞ ያውቃቸዋል።

የግሪን መንገድ የተለየ ነው። ሸክላው የሚከፈትበት «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ» መጀመሪያ በ1955 በሊትል ዊሊ ጆን ድምፅ የወጣ፣ የዘፋኙ ወንድም መርቲስ ጆን የደረሰው ዘፈን ነው። ግሪን የዊሊ ጆንን ድምፅ ለመምሰል አይሞክርም። በለሰለሰ፣ ጥቂት በደከመው በራሱ ድምፅ ይዘፍነዋል፤ ጊታሩም ቃሉ ካቆመበት ተቀብሎ ሐሳቡን ይፈጽማል። በአንድ ስንኝና በሚቀጥለው መካከል የሚተወው ዝምታ ከድምፁ እኩል ይናገራል። ትንሿ ሸክላ በእንግሊዝ የወጣችው በጁላይ 1968 ነው። ሊትል ዊሊ ጆን በዚያው ዓመት በሜይ ወር በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ወኅኒ ቤት በ30 ዓመቱ ሞቶ ነበር። ዘፈኑ በለንደን እንደ ገና ሕይወት ሲያገኝ ባለ ድምፁ ከመቃብር ከገባ ሁለት ወር አልሞላውም። አድማጩ ይህን ሳያውቅ በዘፈኑ ሊረካ ይችላል፤ ሐያሲው ግን ይህን ሳያነሣ ቢያልፍ ሥራውን አልሠራም እንላለን።

በ1968 መጀመሪያ የወጣው «ብላክ ማጂክ ዉማን» ዘረፋው የጀመረበት ነው። በማይነር ቅኝት መቀመጡም፣ ወደ መጨረሻው ላይ አካሄዱን ለውጦ ወደ ቀልጣፋ ምት መሻገሩም ኦቲስ ረሽ በ1958 ካስቀረጸው «ኦል ዩር ላቭ» የመጣ ለመሆኑ ጆሮ ይመሰክራል። ከዚያ አልፎ ግን የጥርጣሬና የፍርሃት ድባቡ የግሪን የራሱ ነው። ዕዳ ደግሞ መልሶ አበዳሪን ይወልዳል፤ ካርሎስ ሳንታና በ1970 ይህንኑ ዘፈን ወስዶ በአሜሪካ 4ኛ ደረጃ ድረስ አወጣው። ዛሬ ብዙ ሰው ዘፈኑ የሳንታና ይመስለዋል። የወሰደ ሰው እንዴት እንደሚወሰድበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በኖቬምበር 1968 የወጣው «አልባትሮስ» ደግሞ ቃል የሌለው ዜማ ነው። ፍሊትውድ ከበሮውን በለስላሳ መምቻ እንደ ባሕር ሞገድ ያንከባልለዋል፤ ግሪንና የ18 ዓመቱ ዳኒ ከርዋን ሁለት ጊታሮችን አጣምረው ከላይ ያንሳፍፋሉ። ስፔንሰር በዚህ ቅጂ ውስጥ የለም። ዜማው በጃንዩዋሪ 1969 በእንግሊዝ የ1ኛ ደረጃን ያዘ። ከእርሱ በፊት ያሉት ዜማዎች ሁሉ የሚያስታውሱት መምህር አላቸው፤ በዚህኛው ግን ሚሲሲፒም ሺካጎም በቅርብ አይሰሙም።

ዕዳው ያልተጻፈባቸውም አሉ። «ራምብሊንግ ፖኒ» የተመዘገበው በግሪን ስም ቢሆንም፣ አጥንቱ ሐምቦን ዊሊ ኒውበርን በ1929 ያስቀረጸው «ሮል ኤንድ ታምብል ብሉዝ» ነው። «ጂግሶ ፐዝል ብሉዝ»ም በከርዋን ስም ይቅረብ እንጂ ጆ ቬኑቲና ኤዲ ላንግ በ1933 ካስቀረጹት፣ ስሙ እንኳ ካልተለወጠ የጃዝ ዜማ የተቀዳ ነው። ብሉዝ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ፣ ሁሉም ከሁሉም የሚወስድበት ጥበብ መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን በአንድ መንደር ውስጥ በሚዘዋወር ዜማና ውቅያኖስ ተሻግሮ በሕግ በሚመዘገብ ዜማ መካከል ልዩነት አለ። በመጀመሪያው ስም አለመጥራት ልማድ ነው፤ በሁለተኛው ስም አለመጥራት ገንዘብ ነው።

3. ሁለቱ የኤዲ ቦይድ ዜማዎች

የስብስቡን ጠባይ የሚወስኑት፣ ብዙ አድማጮች ግን እንደ እንግዳ የሚያዩአቸው ሁለት ዜማዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ፊት «ዘ ቢግ ቦት»፣ በሁለተኛው ፊት «ጀስት ዘ ብሉዝ»። በሁለቱም የሚዘፍነውና ፒያኖውን የሚመታው ኤዲ ቦይድ ነው። የእንግሊዝ ወጣቶች በእነዚህ ላይ አጃቢዎች ብቻ ናቸው።

ቦይድ በ1914 በሚሲሲፒ፣ ክላርክስዴል ከተማ አጠገብ ተወለደ። በሜምፊስ አድርጎ በ1941 ሺካጎ ገባ፤ እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ተወላጆች ከብረት ፋብሪካ ሠራ። በ1952 «ፋይቭ ሎንግ ይርስ» የተባለው ዘፈኑ በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። በ1965 ከአሜሪካ የብሉዝ ተጫዋቾች ቡድን ጋር ወደ አውሮፓ ተሻገረ። የዘር አድልዎ ያንገሸገሸው ሰው ነበርና አውሮፓን መኖሪያው አደረገ፤ በመጨረሻም በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ ተቀምጦ በዚያው በ1994 ዐረፈ። በጃንዩዋሪ 1968 በለንደን ከግሪን፣ ከማክቪና ከፍሊትውድ ጋር ላስቀረጸው አልበም የሰጠው ርእስ «7936 ሳውዝ ሮድስ» የሚል ነው። ይህ በሺካጎ የነበረው ቤቱ አድራሻ ነው። በስደት የምንኖር አንባብያን የዚህን ርእስ ትርጉም ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም። ሰው አገሩን በሐተታ ሳይሆን በቤት ቁጥር ያስታውሳል።

ከዚህ ጋር የሚሰለፍ ሌላም ሰው አለ። በመክፈቻው ዘፈን ላይ ከጊታሩ ኋላ የሚሰሙትን የክር መሣሪያዎች ያቀናበረው ሚኪ ቤከር ጥቁር አሜሪካዊ የጊታር ሊቅ ሲሆን፣ እርሱም በ1960ዎቹ አገሩን ትቶ ፈረንሳይ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ወጣቶች ሥራ ነው በሚባለው በዚህ ሸክላ ላይ ሁለት አገራቸውን የለቀቁ አሜሪካውያን እጃቸው አለበት። የብሉዝ ወደ አውሮፓ መሻገር የሸክላ መሻገር ብቻ እንዳልነበረ፣ ሰዎችም አብረው እንደ ተሻገሩ፣ የተሻገሩበትም ምክንያት ደስታ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

እነዚህን ሁለት ዜማዎች ከሙዚቃ አንጻር ስንመዝናቸው የምናገኘው ነገር ደግሞ አስገራሚ ነው። ግሪን ከቦይድ ኋላ ሲጫወት ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ ቁጥብ ነው። የሽማግሌው ድምፅ ሲናገር ዝም ይላል፤ ሲያርፍ ጥቂት ቃል ጣል አድርጎ ይመለሳል። ማክቪና ፍሊትውድ ምታቸውን ከፒያኖው ግራ እጅ አያስበልጡም። ስፔንሰር ከሸክላ የተማረውን እነዚህ ሦስቱ እዚህ ከሰው ይማራሉ፤ ልዩነቱም ይሰማል። አስቀድመን የጠቀስነው፣ መሪው ባንዱን በአጃቢዎቹ ስም የመሰየሙ ነገር ፍቺውን የሚያገኘው በዚህ ነው። ግሪን ማጀብን እንደ ውርደት የማይቆጥር ሙዚቀኛ ነበር። ባንዱ በጃንዩዋሪ 1969 ሺካጎ ሄዶ በቼስ ስቱዲዮ ከኦቲስ ስፓን፣ ከዊሊ ዲክሰንና ከሌሎችም አንጋፋዎች ጋር ያደረገው ቅጂ፣ ቀጥሎም ግሪን፣ ከርዋንና ማክቪ ለስፓን አልበም አጃቢ መሆናቸው የዚሁ መንፈስ ቅጥያ ነው። ዕዳን በገንዘብ መክፈል አሳታሚዎችና ሕግ የሚመልሱት ጥያቄ ነው፤ በአጃቢነት መክፈል ግን የሙዚቀኛው የራሱ ምርጫ ነበር።

4. ርእሱና ወፊቱ

ርእሱ የተወሰደው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ በ1798 ካሳተመውና አንድ ባሕረኛ አልባትሮስ የተባለችውን ወፍ ገድሎ ስለሚደርስበት መቅሠፍት ከሚተርከው ረጅም ግጥም ጋር ከተያያዘ ጽሑፍ ነው። ሐረጉ በግጥሙ ስንኞች ውስጥ የለም፤ ባለቅኔው በ1817 ኅትመት በኅዳጉ ላይ ከጨመረው ማብራሪያ የመጣ ነው። ለአንድምታ ባህል እንግዳ ያልሆነ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አሳታሚው ርእሱን የመረጠው ከንባቡ ሳይሆን ከትርጓሜው ነው። በሽፋኑም ላይ የመነኩሲት ልብስ የለበሰች ሴት ወፊቱን ይዛ ትታያለች። ቀልድ እንደ ታሰበበት ግልጽ ነው።

ነገር ግን ቀልዱ ግማሹን ብቻ ይዟል። በግጥሙ ውስጥ መልካም ገድ ይዛ የመጣችው ወፍ ያለ ምክንያት ትገደላለች፤ ሬሳዋም በገዳይዋ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ግሪን የገንዘብና የዝና ነገር እያስጨነቀው ሄዶ፣ ባንዱ ያገኘውን ለችግረኞች እንዲሰጥ እስከ መጠየቅ ደርሶ፣ በሜይ 1970 ባንዱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በአእምሮ ሕመም ለብዙ ዓመታት ተሠቃየ፤ ሐኪም ቤትም ተኛ። በ1990ዎቹ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2020 በ73 ዓመቱ ዐረፈ። ከርዋንም በ2018 ሞቷል።

ይህን አውቆ ርእሱን ትንቢት ማድረግ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንመክርም። በኦገስት 1969 ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሰውን በመከራው መጨረሻ በኩል ገልብጦ ማንበብ ሥራውን ማሳነስ ነው። «አልባትሮስ» የሕመም ምልክት አይደለም፤ የረጋና የተመዘነ ሥራ ነው። የግሪን ሐዘን በግልጽ የተሰማበት ዘፈን «ማን ኦቭ ዘ ዎርልድ» ነው፤ ይህም በኤፕሪል 1969 በሌላ አሳታሚ ስም ስለ ወጣ በስብስቡ ውስጥ አልገባም። እዚህ ላይ የስብስብ አልበምን መሠረታዊ ድካም እናያለን። ዘመኑን የከለለው የታሪክ ሚዛን ሳይሆን የባለቤትነት ውል ነው።

5. የስብስብ ኀላፊነት

ከዚህ ሸክላ በኋላ የባንዱ ስብስቦች ተከታትለዋል። በ1971 ሳይታተሙ የቀሩ ቅጂዎችን የያዘው «ዘ ኦሪጂናል ፍሊትውድ ማክ»፣ በ1975 «ቪንቴጅ ይርስ»፣ በ1999 ደግሞ በብሉ ሆራይዝን የተቀረጹትን ሥራዎች በ6 ሲዲዎች የያዘው ጥቅል ወጡ። በመካከሉ ባንዱ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ፣ አባላቱን ለውጦ፣ በ1977 ባወጣው «ሩመርስ» በዓለም በብዛት ከተሸጡት አልበሞች አንዱን አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የግሪን ዓመታት «የመጀመሪያ ዓመታት» ተብለው ቀሩ። ቃሉ ራሱ ፍርድ ነው። መጀመሪያ የሚባለው መጨረሻ ላለው ነገር ነውና፣ ሙሉ የነበረውን ዘመን ወደ መግቢያነት ያወርደዋል። የ1969ኙ ስብስብ ከዚህ ነጻ ነው፤ በታተመበት ጊዜ ሊቀጥል የሚችል እንጂ ያለቀ ታሪክ አልነበረም።

ጥያቄው ከእንግሊዝ አልፎ የእኛንም ደጅ ያንኳኳል። ይህ ሸክላ በወጣበት በዚያው በ1969 በአዲስ አበባ አምሐ ሬከርድስ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ማውጣት ጀምሮ ነበር። እነዚያና የዘመን ጓዶቻቸው ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ፣ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰባሳቢነት፣ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ስብስብ ለዓለም ቀርበዋል። ሥራው ከመጥፋት ያዳነውን እናመሰግናለን። ሆኖም ዛሬ የውጭው አድማጭ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ «ወርቃማ ዓመታት» ብሎ የሚያውቀው አሰባሳቢው በከለለው አጥር ልክ ነው። ከአጥሩ በፊትና በኋላ የነበረውን፣ በተለይም ዜማ ደራሲውንና ግጥም ጸሐፊውን ለይቶ መመዝገብ የራሳችን ሊቃውንት የቤት ሥራ ሆኖ ይቆያል።

ስብስብ ቢያንስ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፦ ቅጂው መቼ እንደ ተደረገ መናገር፣ ማን እንደ ተጫወተ መዘርዘር፣ ዜማው ከየት እንደ መጣ መመስከር። በዚህ መለኪያ «ዘ ፓየስ በርድ ኦቭ ጉድ ኦመን» ጎደሎ ነው። ቅደም ተከተሉ የተዘበራረቀ በመሆኑ የባንዱ የመጀመሪያ ሸክላ 5ኛ ሆኖ ይሰማል፤ ከቆጠራ ወደ ዘረፋ የተደረገውን ጉዞ አድማጩ ራሱ ፈልፍሎ ማውጣት አለበት። የኒውበርን ስም የለም፤ የቬኑቲና የላንግም የለም። ስለዚህ እንደ ታሪክ ድርሳን አናመሰግነውም።

እንደ ሰነድ ግን እናቆየዋለን። አሳታሚው ስመ ጥሮቹን ዜማዎች ብቻ ደርድሮ ቦይድን ቢያስቀር ኖሮ የሚከሰው አልነበረም፤ ሽያጩም አይጎድልበትም ነበር። በእያንዳንዱ ፊት አንዳንድ ጊዜ ወጣቶቹ ከሽማግሌው ኋላ እንዲቆሙ አድርጓል። ሸክላውን ለሚያደምጥ አንባቢም አንድ ምክር አለን፦ «ጀስት ዘ ብሉዝ»ን እንደ ጣልቃ ገብ ቆጥሮ አይዝለለው። የቀሩት 10 ዜማዎች በምን ላይ እንደ ቆሙ የሚሰማው እዚያ ነው።